ደብል ባስ ላይ የመጀመሪያው ስኬል ለምን ሲ ሜጀር አይሆንም?

ጥያቄ፦ «ባስ ጊታር ለተወሰኑ ዓመታት ተጫውቻለሁ። ስኬሎችን በቃሌ አውቃቸዋለሁ። በቅርቡ ደብል ባስ እጄ ገባ። ቀላሉ እሱ ነው ብዬ በሲ ሜጀር ጀመርኩ። ግን ድምፁ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እያለ አስቸገረኝ። ትንሽ እንደተጫወትኩ አውራ ጣቴና ትንሿ ጣቴ ይዝላሉ። ባስ ጊታር ላይ እንደለመድኩት ለእያንዳንዱ ግማሽ ቶን አንድ አንድ ጣት ነው የምመድበው። ፍሬት፣ ማለትም የጊታር አንገት ላይ ያለው የብረት መስመር፣ ሊኖርባቸው በሚገቡ ቦታዎች ሁሉ ምልክት ልለጥፍ? በጣት ልጀምር ወይስ በደጋን? ምን ይመክሩኛል?»

ምላሽ፦ ሲ ሜጀር ቀላል የሚሆነው ፒያኖ ላይ ነው፤ ጥቁር ቁልፍ ስለማይነካ። ደብል ባስ ላይ የሻርፕና የፍላት፣ ማለትም በግማሽ ቶን ከፍ ወይም ዝቅ የተደረጉ ድምፆች፣ ብዛት ስለ ቅለት ብዙም አይናገርም። እዚህ የሚታየው ሁለት ነገር ነው፦ ግራ እጅህ ስንት ጊዜ ቦታ ይቀይራል? ስንት ክፍት ክርስ፣ ማለትም በግራ እጅ ሳይነካ የሚጮህ ክር፣ ያግዝሃል? በዚህ ሲመዘን ሲ ሜጀር ለጀማሪ አይሆንም። ጂ ሜጀር ግን አንድ ሻርፕ ቢኖረውም እጅህ ካለበት ሳይነቃነቅ ከታች እስከ ላይ ያልቃል። ስለዚህ በጂ ጀምር። እሱ እስኪስተካከል ድረስ ሌላ ስኬል አትንካ።

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን ከባስ ጊታር ይዘኸው የመጣኸው ልማድ መስተካከል አለበት። ድካሙም ሆነ የድምፁ መዋዠቅ በአብዛኛው ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

የሁለቱ መሣሪያዎች ክሮች አንድ ናቸው፤ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ። በሁለቱም ኖታው ከሚሰማው አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ይጻፋል። ስለዚህ የትኛው ድምፅ የትኛው ክር ላይ እንዳለ ያለህ እውቀት ሁሉ ይጠቅምሃል። የማይሠራልህ የጣት አመዳደብህ ነው። የተለመደው ባስ ጊታር የክሩ ርዝመት 86 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። በብዛት የሚታየው ደብል ባስ፣ ማለትም ሦስት አራተኛ የሚባለው መጠን፣ 105 ሳንቲሜትር አካባቢ ይደርሳል። ልዩነቱ በወሬ ደረጃ ትንሽ ይመስላል። በእጅ ሲለካ ግን ሌላ ነው። ደብል ባስ ላይ ከአንገቱ ጫፍ አጠገብ ግማሽ ቶን ማለት ከ5 ሳንቲሜትር በላይ ርቀት ነው። አራት ጣት ለአራት ተከታታይ ግማሽ ቶን ስትመድብ ከሌባ ጣትህ እስከ ትንሿ ጣትህ ወደ 16 ሳንቲሜትር ትዘረጋለህ ማለት ነው። ያንን ዝርግ እጅ ይዘህ ወፍራም ክር ልትጫን ነው። ቢዝል ምን ይገርማል?

ለዚህ መልሱ ከተገኘ ቆይቷል። በቪየና ሲያስተምር የኖረው ፍራንዝ ሲማንድል (1840–1912) ያስፋፋው አመዳደብ እስከ ዛሬ የጀማሪ መነሻ ነው። ሌባ ጣት 1 ነው፣ የመሃል ጣት 2፣ ትንሿ ጣት 4። ከ1 እስከ 2 ግማሽ ቶን፣ ከ2 እስከ 4 ሌላ ግማሽ ቶን። ማለትም እጅ በአንድ ቦታ ሙሉ ቶን ብቻ ይሸፍናል፤ ከዚያ በላይ ካስፈለገ እጁ ራሱ ይሄዳል እንጂ ጣት አይለጠጥም። 3ኛው ጣት ሥራ ፈት አይደለም። 4ኛው ሲወርድ አብሮት ወርዶ ክሩን ይጫናል። እንዲያውም 4ኛ ጣት ሲጫን ከኋላው ያሉት ሦስቱም ክሩ ላይ ተኝተው መሆን አለባቸው። ትንሿ ጣት ብቻዋን ቆማ ክሩን ልትረታ ስትሞክር ነው የምትዝለው።

አራቱንም ጣት ለየብቻ የሚጠቀሙ ጥሩ ተጫዋቾች የሉም ወይ? አሉ። እንደ ደብል ባስ ተጫዋቹ ፍራንሷ ራባት ያሉ እጅን በአውራ ጣት ዙሪያ እያሽከረከሩ ሰፋ ያለ ቦታ የሚሸፍን አጨዋወትም አሳይተዋል። ያ ግን የእጅህ ቅርጽ ከጸና በኋላ የሚመጣ ምርጫ ነው። አሁን 1-2-4 ብቻ።

አውራ ጣትህን በተመለከተ፦ ቦታው ከአንገቱ በስተጀርባ ከ2ኛ ጣት ትይዩ ነው። ሥራው ማረፊያ መሆን እንጂ መጭመቅ አይደለም። ክሩን የሚጫነው የክንድህ ክብደት ነው። ክርንህ ከጎንህ ተለጥፎ ከወረደ ክብደቱ ክሩ ላይ አይደርስም፤ የቀረህ አማራጭ በአውራ ጣትና በሌሎቹ መሃል አንገቱን መቆንጠጥ ይሆናል። ክርንህን ከፍ አድርግ። ከዚያ ይህን ሞክር፦ አንድ ድምፅ ያዝና አውራ ጣትህን ከአንገቱ አንሳው። ድምፁ ካልጠፋ ክንድህ እየሠራ ነው። ወዲያው ከጠፋ ደግሞ እስካሁን ስትቆነጥጥ ነበር።

መሣሪያውን የሚይዘውም ግራ እጅህ መሆን የለበትም። ቆመህ የምትጫወት ከሆነ ባሱ ወደ አንተ በትንሹ ተጋድሞ ሆድህና የግራ ዳሌህ ላይ ይደገፋል። ግራ እጅህን ስታነሳ ባለበት መቆም አለበት። የታችኛውን የብረት እግር ቁመትም አስተካክል፤ ከአንገቱ ጫፍ አጠገብ ስትጫወት ሌባ ጣትህ ዓይንህ አካባቢ ቢውል ለብዙ ሰው ይመቻል። ባሱ በጣም ካጠረ ትጎብጣለህ፤ በጣም ከረዘመ ደግሞ ግራ ክንድህ ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ይደክማል።

አሁንም ካመመህ እጅህን ከመውቀስህ በፊት መሣሪያውን ጠርጥር። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያገኙት ባስ ለረጅም ጊዜ ማንም ሳይነካው የቆየ ነው። ክሮቹ ከአንገቱ ጫፍ የሚያርፉባት ቁራጭ ቦይዋ በደንብ ካልተቆፈረ፣ ልክ አንተ ስኬል በምትማርበት ቦታ ላይ ክሩ ድንጋይ ይሆናል። እዚያ ክሩ ከጣት ሰሌዳው በቀጭን ካርቶን ያህል ብቻ ቢርቅ ይበቃል። በሌላኛው ጫፍ፣ የጣት ሰሌዳው በሚያልቅበት፣ ወፍራሙ ኢ ክር ከ1 ሳንቲሜትር በላይ ከራቀ ለጀማሪ ከባድ ነው። ይህን ማስተካከል የገመድ መሣሪያ ጠጋኝ ሥራ ነው፤ በቤት ሞረድ አትሞክረው። ከተሞረደ በኋላ መመለስ የለም። ሌላም ልንገርህ፦ ክር መቀየር ካስፈለገህ አንድ በአንድ ቀይር። አራቱንም ባንዴ ካላላሃቸው በሆዱ ውስጥ በግፊት ብቻ ቆማ ያለችው የእንጨት ምሰሶ ልትወድቅ ትችላለች።

መዛልና ህመም አንድ እንዳልሆኑም ልብ በል። ጡንቻ አዲስ ሥራ ሲለምድ ይዝላል፤ ስታርፍ ይለቅሃል። የሚወጋ፣ የሚያቃጥል ወይም የሚያደነዝዝ ስሜት ከመጣ ግን ወዲያው አቁም። በእረፍት ካልሄደ ሐኪም ይየው። «እለምደዋለሁ» እያሉ በመደንዘዝ ላይ መጫወት ጀግንነት አይደለም።

ወደ ስኬሉ እንሂድ። እጅህን 1ኛ ፖዚሽን ላይ አድርግ፤ ሌባ ጣትህ ከክፍቱ ክር አንድ ሙሉ ቶን ከፍ የሚል ድምፅ ላይ ይውላል ማለት ነው። የክሩ ርዝመት 105 ሳንቲሜትር ከሆነ ይህ ከአንገቱ ጫፍ ወደ 11 ሳንቲሜትር ተኩል ገደማ ይርቃል። 2ኛ ጣት ወደ 16.7፣ 4ኛ ጣት ደግሞ ወደ 21.7 ሳንቲሜትር ላይ ይደርሳል። ከዚያ እንዲህ ነው፦ ኢ ክር ላይ በ2ኛ ጣት ጂ። ኤ ክር ክፍቱን። እዚያው ኤ ክር ላይ በ1ኛ ጣት ቢ፣ በ2ኛ ጣት ሲ። ዲ ክር ክፍቱን። ዲ ክር ላይ በ1ኛ ጣት ኢ፣ በ4ኛ ጣት ኤፍ ሻርፕ። መጨረሻ ጂ ክር ክፍቱን። አለቀ። እጅህ የትም አልሄደም። ከስምንቱ ድምፆች ሦስቱ ክፍት ክር ናቸው፤ ባሱ በትክክል ከተቃኘ እነሱ አይሳሳቱም።

ጂን ያስመረጠኝ ግን የእጁ ምቾት ብቻ አይደለም። ጂ ሜጀር ራሱን በራሱ ያርማል። ኢ ክር ላይ የያዝከው ታችኛው ጂ ልክ ከሆነ ማንም ያልነካው ክፍቱ ጂ ክር በራሱ ይንቀጠቀጣል። በዓይንህ ታየዋለህ፣ ታችኛውን ስታፍነውም ይሰማሃል። ጣትህ ትንሽ ከተዛነፈ ክሩ ዝም ይላል። ዲ ክር ላይ ያለው ኢም እንዲሁ ክፍቱን ኢ ክር ይቀሰቅሳል። ቢን ለማረጋገጥ ከጎኑ ካለው ክፍት ኢ ክር ጋር አንድ ላይ በደጋን ሳባቸው። ካልገጠሙ ድምፁ ዋ-ዋ-ዋ እያለ ይወዛወዛል። ጣትህን በጥቂቱ ስታንቀሳቅስ ውዝዋዜው እየቀዘቀዘ ሄዶ ይረጋል፤ የረጋበት ቦታ ነው ቢ። ሲን ደግሞ ከክፍቱ ጂ ጋር እያፈራረቅክ አወዳድረው።

ኤፍ ሻርፕ ብቻ እንዲህ ያለ ምስክር የለውም። ብዙ ጀማሪ የሚወድቀውም እዚያው ነው። ከ1 እስከ 4 ያለው ስፋት ከ10 ሳንቲሜትር በላይ ነው፤ እጅ ደግሞ ሲደክም ይሰበሰባል። ስለዚህ 4ኛው ጣት ሁልጊዜ ከሚገባው ቀድሞ ያርፍና ድምፁ ዝቅ ይላል። ኤፍ ሻርፕህ የደበዘዘ ከመሰለህ ወደ ድልድዩ፣ ማለትም ክሮቹ ሆዱ ላይ ወደሚያርፉበት እንጨት፣ ወረድ በል፤ ብዙ ጊዜ መልሱ እሱ ነው። ወደ ጂ ሊገባ የቋመጠ ድምፅ መምሰል አለበት።

ደጋን ወይስ ጣት? ለስኬል ልምምድ ደጋን። ጃዝ ብቻ ልጫወት ብትልም መልሴ አይቀየርም። በጣት የተመታ ድምፅ ቶሎ ይከስማል፤ ጆሮህ ስህተቱን ሳይለይ አልፎ ይሄዳል። ደጋን ድምፁን ዘርግቶ ይይዝልሃል፤ መደበቂያ የለውም። መጀመሪያ ላይ ያስጠላሃል። እውነቱን ስለሚናገር ነው። የጀርመን አያያዝ ይሁን የፈረንሳይ በሚለው ክርክር አትጠመድ። ደጋኑ ራሱ ለአንዱ ተብሎ የተሠራ ነው፤ እጅህ የገባው ለየትኛው እንደሆነ አጣርተህ በዚያው ቀጥል። ሮዚኑ፣ ማለትም ደጋኑ የሚቀባው ሙጫ፣ የባስ ይሁን፤ የቫዮሊኑ ለወፍራም ክር ይደርቃል። ደጋኑን ከጣት ሰሌዳው ጫፍና ከድልድዩ መሃል አሳርፈህ በቀስታ ሳብ። ወደ ወፍራሙ ክር በሄድክ ቁጥር ፍጥነት ቀንስ፣ ክብደት ጨምር። ለጊዜው ደጋን ከሌለህ በሌባ ጣትህ ጎን፣ በጥፍሩ በኩል ሳይሆን በሥጋው፣ ክሩን ወደ ጎን ሳብና ድምፁ እስኪያልቅ ጠብቅ። ይሠራል። ግን ደጋን ፈልግ።

ስለ ምልክቱ፦ በየግማሽ ቶኑ አትለጥፍ። ስንፍና ነው ብዬ አይደለም፣ ምልክት ትክክለኛ ድምፅ ስለማይሰጥህ ነው። የጣትህ ሥጋ ሰፊ ነው፤ ምልክቱ ላይ አርፈህም ግማሽ ሳንቲሜትር ልትስት ትችላለህ። 1ኛ ፖዚሽን ላይ ግማሽ ሳንቲሜትር የግማሽ ቶን አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። በደጋን ይህ በደንብ ይሰማል። በዚያ ላይ ከቆምክበት ምልክቱን የምታየው ከጎን ነው፤ በትክክል ለማየት አንገትህን ስታሰግ አቋምህ ይበላሻል። ድልድዩ በትንሹ ከተንሸራተተ ደግሞ ምልክቶችህ ሁሉ ውሸት ይሆናሉ። ድልድዩ የድምፅ ቀዳዳዎቹ ውስጠኛ ጎን ላይ ካሉት ትናንሽ ጭረቶች ትይዩ መቆሙን አሁኑኑ እይ። በፍጹም ያለ ምልክት አልችልም ካልክ አንድ ብቻ ፍቀድ፤ 1ኛ ፖዚሽን ላይ የሌባ ጣትህ ቦታ፣ በጣት ሰሌዳው ጠርዝ ላይ፣ በቀላሉ በሚላጥ ነገር። እጅህ ቦታውን ሲለምድ ላጠው።

መሣሪያው የራሱ ምልክት አለው። ክሩን ሳትጫን በጣትህ ብቻ ስትነካው ፉጨት የመሰለ ጥርት ያለ ድምፅ የሚወጣባቸው ቦታዎች አሉ። የክሩ ግማሽ ላይ ኦክታቭ ታገኛለህ። ሲሶው ላይ ጂ ክር ብትነካ ዲ ይወጣል፤ እዚያው ስትጫነው ያው ዲ አንድ ኦክታቭ ወርዶ ይሰማል። የአንገቱ ተረከዝም ይጠቅማል። በብዙ ባሶች አውራ ጣትህ ተረከዙ ላይ ሲደርስ ሌባ ጣትህ ጂ ክር ላይ ዲ ወይም ኢ ፍላት ላይ ይውላል። የአንተ የቱ እንደሆነ አንዴ አረጋግጥ፣ ከዚያ አይከዳህም።

መቃኛ አፕን በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ። ክፍት ክሮችን ለመቃኘት ተጠቀምበት። ስኬል ስትጫወት ግን ዓይንህን እሱ ላይ አትትከል። ክፍቱ ኢ 41 ኸርዝ ገደማ ነው፤ የስልክ ማይክሮፎን ይህን ዝቅታ በደንብ አይሰማም፣ አንዳንዴ ሌላ ድምፅ ይነግርሃል። የሰው ጆሮም እዚያ ታች ያን ያህል ስል አይደለም። ስለዚህ ጂን በማያቋርጥ ድምፅ ከላይ ባለ ኦክታቭ አስከፍት፣ ከኪቦርድም ይሁን ከስልክ፣ በድምፅ ማጉያ ቢሆን ይመረጣል። ስኬሉን በእሱ ላይ ተጫወት። እያንዳንዱ ድምፅ ከዚያ ጂ ጋር እንዴት እንደሚስማማ ወይም እንደሚፋጭ ስትሰማ ጆሮህ መንገዱን ያገኛል።

ሜትሮኖሙን 60 ላይ አድርግ፤ ለእያንዳንዱ ድምፅ አራት ምት። ሲወርድም ተጫወት። ሰው ሁሉ መውጣት ይለማመድና ሲወርድ ይደናገራል። በቀን ሁለት ጊዜ ሩብ ሰዓት ያህል ከአንድ ረጅም ሰዓት ይሻላል፤ እጅ ከደከመ በኋላ የምትለማመደው የተሰበሰበውን እጅ ነው። ዓይንህን ጨፍነህ ወጥተህና ወርደህ፣ ጣትህ ካረፈ በኋላ ሳትጠጋግን መጨረስ ስትችል ጂ በቃህ።

ቀጥሎ ኤፍ ሜጀር ይመጣል። እጅህ በግማሽ ቶን ወደ ላይ ወደ አንገቱ ጫፍ ይጠጋል፤ ሌባ ጣት ኢ ክር ላይ ኤፍ ይይዛል። ጣቶቹ 1፣ 4፣ ክፍት፣ 1፣ 4፣ ክፍት፣ 2፣ 4 ናቸው። ያንኑ ከኤ ክር ጀምረህ ብትደግመው ቢ ፍላት ሜጀር ይወጣል፤ ሁለት ስኬል በአንድ ትምህርት። እዚህ ርቀቱ ከጂው ትንሽ ስለሚሰፋ ነው ሁለተኛ ያደረግኩት።

አሁን ሲ ሜጀር። ይህም አዲስ ነገር አይደለም፤ የጂ ሜጀር ጣቶች አንድ ክር ተሻግረው ነው። 2፣ ክፍት፣ 1፣ 2፣ ክፍት፣ 1፣ 4። እስከ ሰባተኛው ድምፅ ያው ነው። ጂ ላይ ስምንተኛው ክፍት ክር ነበር። ሲ ላይ ግን ክር አለቀብህ፤ አምስተኛ ክር የለም። እዚህ ጋ ነው አንተን ያስቸገረህ። መፍትሔው ጂ ክር ላይ ኤን በ1ኛ ጣት ከያዝክ በኋላ እጅህን ሙሉውን በግማሽ ቶን፣ ማለትም 5 ሳንቲሜትር ገደማ፣ ማውረድ ነው። ከዚያ ቢ በ2ኛ፣ ሲ በ4ኛ ጣት ይወድቃሉ። አውራ ጣት ከእጁ ጋር አብሮ ይሂድ፤ ወደ ኋላ ቀርቶ ጣቶች ብቻ ከሸሹ ያው መለጠጥ ተመለሰ። ስትሻገር ክሩን አትልቀቀው፣ አትጫነውም፤ እየዳሰስክ ሂድ። መጀመሪያ መንሸራተቱ እንዲሰማ ፍቀድ፤ የምትደርስበትን ድምፅ ከመድረስህ በፊት በአፍህ አዚመው። መንሸራተቱን መደበቅ በኋላ ይመጣል።

ሁለት ኦክታቭ አሁን አያስፈልግህም። በዝግታ ልክ ያልሆነን ስኬል ፍጥነትም አያድነውም። ስኬል ብቻውን ተጫዋች እንደማያደርግህም ታውቃለህ፤ ምት መጠበቅንና ከሌሎች ጋር መጫወትን ባስ ጊታር አስተምሮሃል፣ እሱን አትተወው። አንድ ቀን ላይ ሁለቱን ስትጫወት ግን በደብል ባሱ ጀምር፤ ከጠባቡ ወደ ሰፊው ስትሄድ 4ኛው ጣት ይሰበሰባል። መምህር ማግኘት ከቻልክ፣ ለጥቂት ክፍለ ጊዜ እንኳ ቢሆን፣ ክርንህንና አውራ ጣትህን አሳየው። ካልተገኘ ከጎን ራስህን በስልክ ቪዲዮ ቅረጽና የክርንህን ከፍታ እይ።